መድበሉን ማን ሰበሰበው?

እስቲ መደርደሪያችሁ ላይ ካሉት የግጥም ወይም የአጭር ልቦለድ መድበሎች አንዱን ሳቡና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ግለጡ። የብዙ ጸሐፊዎች ሥራ በአንድ ላይ የታተመበት ቢሆን ይመረጣል። ምን አገኛችሁ? እኛ ያገኘነውን እንንገራችሁ። አንደኛ፣ የምስጋና ገጽ። ከፈጣሪ ይጀምርና በወላጆች፣ በጓደኞችና ጽሑፉን በኮምፒውተር በለቀመችው ልጅ አድርጎ ማተሚያ ቤቱ ላይ ያልቃል። ሁለተኛ፣ አንድ አንጋፋ ሰው የጻፉት «አስተያየት»። ሥነ ጽሑፍ የሕይወት መስታወት መሆኑን ይነግረንና ወጣቶቹ «በርቱ» ተብለው ይሸኛሉ። ሦስተኛ፣ የስፖንሰሮች አርማ። ከዚያ በቀጥታ ግጥም ቁጥር አንድ!

ያላገኘነው ደግሞ ይኸው። ሥራዎቹን ማን መረጣቸው? ከስንት መካከል? በምን መስፈርት? የቀረውስ ለምን ቀረ? ግጥሞቹ የተጻፉት መቼ ነው? አርታኢው የነካው መስመር አለ? ቀድሞ በጋዜጣ ወይም በመጽሔት የወጣ አለ? የሰፈር ዕድር ገንዘብ ያዥ እንኳ በዓመት አንድ ቀን አባላቱ ፊት ቆሞ ገቢና ወጪውን ያነባል። መድበል አዘጋጅ ግን የሃያና የሠላሳ ሰው ንብረት በእጁ ይዞ፣ መርጦ፣ ቆርጦ፣ ደርድሮ ሲያበቃ ሒሳቡን ለማንም ሳያወራርድ ይሄዳል። እኛም አጨብጭበን ከምረቃው እንመለሳለን።

የዛሬ ጽሑፋችን ነገር ይህ ነው። የመድበል መግቢያ ሰብሳቢው ለአንባቢ ሒሳብ የሚያወራርድበት ቦታ ነው ብለን እናምናለን። ያ ቦታ በሙገሳ ሲሞላ የሚጎዳው የመጽሐፉ ውበት ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ነበር። ችግሩ ሰው ይጠፋበታል፤ ታሪክም ይጠፋበታል።

መቅድም የፈረንጅ ፋሽን ነው?

«መግቢያ ምናምን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጣጣ ነው» የሚሉን ወዳጆች አሉ። ለእነሱ ዓድዋ አጠገብ ያለውን የአባ ገሪማ ገዳም እናስታውሳቸዋለን። እዚያ የተቀመጡት የብራና ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ተገምቷል። አራቱ ወንጌላት፣ ነገሩን ካሰባችሁበት፣ የአራት ጸሐፊዎች መድበል ናቸው። አንባቢ የማቴዎስን ታሪክ ከሉቃስ ጋር እንዴት ያስተያይ? የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን አሥር ሰንጠረዦች ሠራና አጠቃቀማቸውን ለቀርጲያኖስ በጻፈው ደብዳቤ አብራራ። በገሪማ ወንጌሎች እነዚያ ሰንጠረዦች ከፊት ለፊት፣ በአምድና በቅስት አጊጠው፣ በቀለም ደምቀው ተሥለዋል። ኋላ በተጻፉ ብዙ የግዕዝ ወንጌሎችም ደብዳቤውና ሰንጠረዦቹ ከወንጌሉ በፊት ይገኛሉ። «መቅድመ ወንጌል» የሚባል ራሱን የቻለ ጽሑፍም አለ። የአገራችን ጸሐፍት ስለ መጽሐፉ አሠራር የሚናገረውን ክፍል ችላ ሊሉት ቀርቶ ምርጥ ቀለማቸውን አፍስሰውበታል።

ቅኔውስ? ቅኔ አዋቂ ሽማግሌ ጋ ተቀምጦ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌው ቅኔውን ዝም ብለው አይወረውሩትም። «እገሌ እዚህ ደብር ሳሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸው፣ እንዲህ አሉ» ይሉና ከዚያ በኋላ ነው የሚዘርፉት። ያቺ «እንዲህ ቢደርስባቸው» የምትለዋ ቁራጭ ከተጣለች ሰሙን ይዘን ወርቁን ጥለን መሄዳችን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደምትና የኋለኛ ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው በ«መጽሐፈ ቅኔ» ሲያሳትሙ ይህ ሁሉ ልማድ ከኋላቸው ነበር። ስለዚህ የነገሩ ሥር እዚሁ ነው። የተረሳው ኋላ፣ እኛው ዘንድ ነው።

የዐውደ ጥናት ከተማ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቢሾፍቱ በሐይቆቿና በአየር ኃይሏ ትታወቃለች። እኛ ልጆቿ ግን ሌላም ነገር እናውቃለን። ቢሾፍቱ የዐውደ ጥናት ከተማ ናት። አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች በሚኒባስ ይመጣሉ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ይገባሉ፣ ሁለት ሦስት ቀን ወረቀት ያቀርባሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ የቀረቡት ወረቀቶች ተጠርዘው አንድ ጥራዝ ይሆናሉ። በዚህ ሒሳብ ከተማችን ሳታውቀው የስንት መድበል እናት ናት!

ከሁሉ የሚያኮራንን እንጥቀስ። በጥቅምት 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 16 እስከ 19፣ 2000) የጤፍ ዘረመልና የጤፍ ማሻሻል ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት እዚሁ ተካሄደ። ወረቀቶቹ በኃይሉ ተፈራ፣ በጌታቸው በላይና በማርክ ሶሬልስ አርታኢነት በ2001 እ.ኤ.አ. ታተሙ። የዓለም ተመራማሪ ስለ ጤፍ ሲጽፍ ዛሬም የሚጠቅሰው ጥራዝ ነው። ጤፍ የሚሸጠውም የሚገዛውም የከተማችን ሰው ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከደጁ እንደተወለደ አልሰማም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚያ ዐውደ ጥናት ቦታ በመጽሐፉ ላይ «ቢሾፍቱ» አልተባለም፤ «ደብረ ዘይት» ነው የሚለው። የግብርና ምርምር ማዕከሉም ለዓመታት በዚያ ስም ተጠርቷል። በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት የተባለችው ከተማ ኋላ ወደ ቀደመ ስሟ ተመለሰች። እኛ ሁለቱንም እናውቃለን፤ አያቶቻችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ይጠራሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ከሌላ አገር፣ መድበል የሚገልጥ ልጅ ግን አንዱ ግጥም ስለ ደብረ ዘይት፣ ሌላው ስለ ቢሾፍቱ ሲያወራ ሁለት ከተማ ያደርገናል። ባቦጋያ ሐይቅ «ቢሾፍቱ ጉዳ» ተብሎም ይጠራል፤ እሱም ሌላ ሐይቅ ይሆንና አንድ ውሃ ይጨመርልናል! ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ምንድን ነው? መግቢያ ላይ ሦስት መስመር። ያቺን ሦስት መስመር የሚጽፋት ሰው አጥተን ነው የምንቸገረው።

አዳማ ላይ የተነገረው

ወደ ታች ወረድ ስንል አዳማ አለች። የ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ አባላት የነበሩ ሰዎች በ2005 እ.ኤ.አ. በማኅበራዊ ጥናት መድረክ ጋባዥነት እዚያ ተሰብስበው፣ ለቀናት ተቀምጠው ያሳለፉትን አወሩ። ንግግሩ ተቀድቶ በታሪክ ተመራማሪው ባሕሩ ዘውዴ አርታኢነት፣ በእንግሊዝኛ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ።

የዚህ መጽሐፍ ነገር ከግጥም መድበል ይከብዳል። ያወሩት ሰዎች አብረው ተሰልፈው፣ ኋላ በተለያየ ድርጅት ተቧድነው፣ እርስ በርስ የተጎዳዱ ትውልድ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለ ጥራዝ ያለ መግቢያ ቢታተም ምን ይሆን ነበር? አንዱ አንባቢ «የእኛን ሰው ለምን አልጠሩም?» ይላል። ሌላው «ይህን ቃል እሱ አላለም፣ አስተርጓሚው ነው» ይላል። ማን ተጋበዘ፣ ማን መጣ፣ የተናገሩት እንዴት ተቀዳ፣ እንዴት ተተረጎመ፣ ምን ተስተካከለ የሚለውን አርታኢው ካልነገረን ምስክርነቱ ሐሜት ይሆናል። ከነገረን ግን የምንቃወመው እንኳ የምንቃወመውን ለይተን እናውቃለን። መግቢያ የተጣላ ሰው አያስታርቅም፤ ጠቡ በምን ላይ እንደሆነ ግን ግልጽ ያደርጋል።

በዚህ በኩል መንግሥቱ ለማን ማመስገን ተገቢ ነው። የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀርጸው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በ1959 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ አንባቢ የሚያነበው የተነገረ ቃል እንደሆነ ያውቃል። ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደጠየቀ፣ ማን እንደጻፈ አይምታታም። ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ መቅረጫ አለ። የቀረጸውን ሰው፣ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ ግን ከመቅረጽ የከበደ ሆኖብናል።

አስቴር ጋኖ

«ሰው ይጠፋበታል» ብለን ነበር። ማስረጃችን አስቴር ጋኖ ናት።

አስቴር በልጅነቷ ተይዛ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 እ.ኤ.አ. በጣሊያን መርከብ ነፃ ወጣች፤ ምፅዋ አጠገብ በምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትም ተማረች። እዚያ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሠራች። አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ተረቶችን፣ ዘፈኖችን፣ ምሳሌዎችንና እንቆቅልሾችን ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ በ«ጀልቀባ በርሲሳ»፣ ውስጥ ገቡ። በሺዎች የሚቆጠሩ የኦሮምኛ ቃላትንም ሰብስባለች፤ ሥራዋ በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ትልቅ እገዛ ነበር።

የኦነሲሞስን ታላቅነት ማንም አይክድም፤ እኛም አንክድም። ግን መጽሐፎቹ ሲነሱ ቀድሞ የሚጠራው የማን ስም ነው? የአስቴርን ድርሻ ሰፋ አድርገን ያወቅነው የታሪክ ተመራማሪዎች የሚስዮኑን ደብዳቤና ሪፖርት ሲያገላብጡ ነው። የስዊድኑ ጉስታቭ አሬን በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የመሰሉ ጥናቶች ባይኖሩ፣ ብዙ ተረት የቃረመችው ሴት ለብዙዎቻችን ስም የሌላት «ረዳት» ሆና ትቀር ነበር።

ይህ የመቶ ምናምን ዓመት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም መድበል ሲዘጋጅ ጽሑፎቹን ከየሰው የለመነችው፣ በፌስቡክና በቴሌግራም የተበተነውን የለቀመችው፣ የተደገመውን የለየችው፣ ፊደል ያረመችው አንዲት ልጅ አለች። ሽፋኑ ላይ ግን «አዘጋጅ» ተብሎ የሚጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። እሷ በምስጋና ገጹ ላይ ከሻይ ቤቱ ባለቤት ቀጥላ ትጠራለች። የሥራ ክፍፍሉን በሐቅ የሚናገር መግቢያ ቢኖር የነገው ተመራማሪ ደብዳቤ ለማገላበጥ ስዊድን ድረስ ባልሄደ።

ትልቅ ስም ሲጋበዝ

«አንጋፋ ሰው ቢጽፍልን መጽሐፉ ይሸጣል» የሚለው ክርክር ውሃ አይቋጥርም አንልም። ይቋጥራል። ግን ዋጋው ስንት ነው?

በ1948 እ.ኤ.አ. ሊዎፖልድ ሴዳር ሴንጎር የጥቁርና የማዳጋስካር ገጣሚዎችን ሥራ በፈረንሳይኛ ሰብስቦ አሳተመ። መቅድሙን የጻፈው ዣን ፖል ሳርትር ነበር። ጽሑፉ «ጥቁሩ ኦርፌዎስ» ይባላል፤ እጅግ ዝነኛ ሆነ። መድበሉን ያላነበበ ሁሉ መቅድሙን አነበበ። ሳርትር ወዳጅ ሆኖ ነው የጻፈው፤ ነገር ግን የገጣሚዎቹን ንቅናቄ ወደ ሌላ ግብ የሚወስድ፣ ኋላም የሚያልፍ ምዕራፍ አድርጎ ተረጎመው። ፍራንትዝ ፋኖን በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በዚህ ላይ ቅሬታውን በምሬት ጻፈ። ገጣሚዎቹ ገና መናገር ሲጀምሩ እንግዳው ንግግራቸውን ደመደመላቸው።

የእኛ አንጋፋዎች ሳርትር አይደሉም፤ ጥፋቱም ያን ያህል አይጎላም። የእኛ ችግር እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ የሚጻፈው አስተያየት ለማንኛውም መጽሐፍ ይሆናል። ርዕሱን ለውጣችሁ ሌላ መድበል ላይ ብትለጥፉት ማንም አይነቃም። አንባቢን ከመናቅ በላይ አንጋፋውንም መናቅ ነው፤ ስማቸውን ፈልገን አእምሯቸውን አልፈለግንም ማለት ነውና።

ለእንግዳ የተፈቀደ፣ ለቤተኛ የተነፈገ

በጣም የሚያንገበግበን ነገር ደግሞ ይኸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሁለት መድበሎች በእንግሊዝኛ ወጡ። አንዱ ዓለሙ ተበጀና ክሪስ ቤኬት ሰብስበው የተረጎሙት የአማርኛ ግጥም መድበል ነው። ሌላው መዓዛ መንግሥቴ ያዘጋጀችው፣ አዲስ አበባን መቼት ያደረጉ አጫጭር ልቦለዶች የተሰበሰቡበት «አዲስ አበባ ኑዋር» ነው። ሁለቱም መግቢያ አላቸው። የለንደንና የኒውዮርክ አንባቢ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ተነግሮት ነው የሚገባው።

ያው ግጥም በአማርኛ ሲታተም ግን «ሐበሻ ነው፣ ያውቀዋል» ተብለን ባዶ እጃችንን እንገባለን። እናውቀዋለን እንዴ? በ1980ዎቹ የተወለደ የአዳማ ልጅ በ1960ዎቹ ስለ ተጻፈ ግጥም ምን ያውቃል? በ2000ዎቹ የተወለደውስ? የገዛ አገራችን የትናንት ነገር ለእኛም እንግዳ ነው። እንግዳ ተቀባይነታችን ለቤት ልጅም ይድረስ እንጂ!

«ሥራው ራሱ ይናገር»

ከተቃዋሚዎቻችን ጠንካራው ይህን ይላል፦ «ጥሩ ግጥም አስረጂ አይፈልግም። መግቢያ አንባቢው ምን ማሰብ እንዳለበት አስቀድሞ ይነግረዋል። ደግሞስ ማን ያነበዋል?»

ግማሹን እንቀበላለን። ግጥሙን ገና ሳናነብ «ይህ ግጥም ስለ ናፍቆት ነው» የሚለን መግቢያ ቢቀር ደስ ይለናል። ትንታኔ ከኋላ ይሁን፤ የፈለገ ያንብበው። አርባ ገጽ የሚፈጅ መግቢያም አንደግፍም። ነገር ግን ስለ ትርጉም መናገር ሌላ፣ ስለ አሰባሰብ መናገር ሌላ። ግጥም ስለ ራሱ ሊናገር ይችላል። ስላልተመረጠው ግጥም ግን ሊናገር አይችልም። የተቆረጠ መስመር «ተቆርጫለሁ» ብሎ አይጮህም። የሞተ ገጣሚ ሥራ ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥሞች «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ የወጡት እሱ በስደት ካረፈ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ይኼኛው ይግባ፣ ይኼኛው ይቅር» የሚል ባለቤት የለም። ከማን እጅ እንደተገኘ፣ የትኛው ቅጂ እንደተመረጠ የሚያውቅ ሰብሳቢው ብቻ ነው። እሱ ዝም ካለ ማንም አይናገርም።

ሆራ ላይ ያለ ዝምታ

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። እኛ እዚህ ቢሾፍቱ ያለን ጥቂት አንባቢና ጸሐፊዎች ስለ ከተማችን የተጻፉና የተነገሩ ነገሮችን ለመሰብሰብ ጀምረናል። የሐይቆቹን ተረት፣ የአየር ኃይል ቤተሰቦችን ትዝታ፣ የወጣቶችን ግጥም። ገና ከመጀመራችን ጥያቄው ፊታችን ተገተረ።

መጀመሪያ ቋንቋው። ከተማችን በኦሮምኛም በአማርኛም ታወራለች፤ አንዳንዱ ተረት በአንዱ ብቻ ነው ነፍስ ያለው። በአማርኛ ብቻ ብናሳትመው ማንን አስቀረን? ብንተረጉመው ማን ተረጎመው? ቀጥሎ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም.። በዚያ ቀን ሆራ አርሰዲ ላይ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ስለ ሆራ የሚያወራ መድበል ስለዚያ ቀን አንድ ገጽ ባይኖረው አንባቢ ምን ይረዳ? የጻፈ ሰው አልተገኘም? ተገኝቶ ሰብሳቢዎቹ ፈሩ? ወይስ ቤተሰቦቹ «ተዉን» አሉ? ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱም ግን አንድ አይደሉም። መግቢያው ዝም ካለ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነጭ ገጽ ይሆናሉ።

ስለዚህ ለራሳችን ሕግ አውጥተናል። ሌሎች መድበል አዘጋጆችም ቢጋሩን ደስ ይለናል። መግቢያችን ከአምስት ገጽ አይበልጥም። ማን እንደሰበሰበ፣ ማን እንደመረጠ፣ ማን እንደተረጎመና ማን እንዳረመ በስም ይጻፋል። ስንት ሥራ መጥቶ ስንቱ እንደገባ፣ በምን እንደተለየም ይነገራል። እያንዳንዱ ጽሑፍ መቼና የት እንደተጻፈ ወይም እንደተነገረ፣ ቀድሞ ታትሞ ከሆነም የት እንደታተመ ይቀመጣል። የነካነው መስመር ካለ ባለቤቱ እንደፈቀደ እንገልጻለን። በመጨረሻም ያስቀረነውንና ያስቀረንበትን ምክንያት እንጽፋለን። አንጋፋ ሰው ከጋበዝን መጽሐፉን አንብበው፣ ቢፈልጉ እየተቹን፣ ከኋላ ይጻፉ።

እናንተም ከመጽሐፍ አዟሪ እጅ መድበል ስትቀበሉ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ገጾች ግለጡ። «ማን ሰበሰበው? ምን ቀረ?» በሉት። አዟሪው መልሱን አያውቅ ይሆናል። ጥያቄው ግን እየተደጋገመ አሳታሚው ጋ ይደርሳል።